ለቤት ውስጥ የችግኝ ሳጥን የትኛው አየር ማስወጫ ይሻላል? ከተራ ቀዳዳ እስከ ቱቦ ማራገቢያ

ቁም ሳጥኑ ወርዱ 60፣ ጥልቀቱ 60፣ ቁመቱ 120 ሳንቲ ሜትር ነው። ጎረቤት ደጅ ያወጣውን አንስቼ ነው ያስገባሁት። ሜሪላንድ ውስጥ በምንኖርበት ቤት ምድር ቤት አቆምኩትና ከላይ 100 ዋት የሚስብ የኤልኢዲ መብራት ሰቅዬ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ቃሪያና ድንብላል ዘራሁበት። የበሶብላውን ዘር ከሀበሻ ሱቅ ከተገዛ ደረቅ በሶብላ ላይ በጣቴ እያሸሁ ነው ያራገፍኩት፤ ጥሩ አድርጎ በቀለ። ከዚያ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ፣ ብርሃኑን ይመልስልኛል ብዬ የሳጥኑን ግድግዳ በሙሉ ብርማ ፊት ባለው ፎም ለበጥኩት።

በሁለተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ በሩን ብከፍተው ክዳኑ እንደተነሳ ምጣድ ፊቴን ገረፈኝ። ቅጠሉ አጠገብ የሰቀልኩት ቴርሞሜትር 38 ይላል፤ ክፍሉ 22 ነው። የበሶብላው ቅጠል ጠርዝና ጠርዙን አንስቶ እንደ ታንኳ ተጠቅልሏል፤ ቃሪያው አንገቱን ደፍቷል። ፎም ብርሃን መመለሱ እውነት ነው፤ ግን ብርድ ልብስም ነው። ፎሙን ነቅዬ ግድግዳውን ነጭ ቀለም ቀባሁትና የአየር ማስወጫ ፍለጋ ገበያ ገባሁ። እዚያ ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት ጠበቀኝ። አንዱ ሻጭ የኮምፒውተር ማራገቢያ ይበቃል ይላል፤ ሌላው ቱቦ፣ የከሰል ማጣሪያና መቆጣጠሪያ ያለው ሙሉ ዕቃ ካልገዛህ ይላል፤ ሦስተኛው ትንሽ ማቀዝቀዣ ያቀርባል። አብዛኞቹን በየተራ ሞክሬያቸዋለሁ።

ከመግዛት በፊት፦ ክፍሉ ስንት ዲግሪ ነው?

የትኛውም ማራገቢያ ሳጥኑን ከክፍሉ በታች አያቀዘቅዘውም። ሥራው የሳጥኑን አየር በክፍሉ አየር መተካት ብቻ ነው። ክፍላችሁ 22 ዲግሪ ከሆነ ሳጥኑን 25 ማድረግ ቀላል ነው፤ ክፍላችሁ 31 ከሆነ ግን የፈለጋችሁትን ብትገዙ ከ31 አትወርዱም። ብዙ ሰው በየጊዜው ትልቅ ማራገቢያ እየገዛ የሚበሳጨው ይህን ስለማያስተውል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢ ሙቀትና እርጥበት የሚለካ፣ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን የሚመዘግብ ርካሽ ቴርሞሜትር ይሁን። ሦስት ቀን ክፍሉ ውስጥ አቆዩት፤ ከዚያ ወደ ሳጥኑ አስገቡትና በቅጠሉ ቁመት ልክ፣ መብራቱ በቀጥታ እንዳያርፍበት በካርቶን ጥላ ሥር ስቀሉት። ብርሃን ያረፈበት ቴርሞሜትር የራሱን ሙቀት እንጂ የአየሩን አይነግራችሁም።

የሚፈለገው ሙቀት እንደ ተክሉ ነው። በሶብላ ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ደስ ይለዋል፤ ከ10 በታች ሲወርድ ቅጠሉ ይጠቁራል። ቃሪያ ሙቀት ይወዳል፣ ሆኖም ከ32 በላይ ሲቆይ አበባውን ያረግፋል። ሰላጣና ድንብላል ሲሞቃቸው ቶሎ አበባ ያወጣሉ፣ ቅጠላቸውም ይበላሻል። ጤና አዳም ከሁሉም ቻይ ነው።

መለኪያዎቹ

ዋናው መለኪያ የሙቀቱ መጠን ነው። መብራቱ ከሶኬት የሚስበው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሳጥኑ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ያልቃል። ብርሃን የሆነውም ቢሆን ቅጠልና ግድግዳ ላይ አርፎ መልሶ ሙቀት ይሆናል፤ ተክሉ በምግብነት የሚያስቀረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እዚህ ላይ የካርቶኑን ጽሑፍ አትመኑ። «1000 ዋት» የተባለው መብራት ሶኬት ላይ ሲለካ 100 ዋት ብቻ የሚስብ ሊሆን ይችላል። ሒሳቡ የሚሠራው በሚስበው ነው።

ሒሳቡም ይህ ነው፦ የመብራቱን ዋት በ3 አባዙ፣ ሳጥኑ ከክፍሉ በላይ እንዲሞቅ በምትፈቅዱለት ዲግሪ አካፍሉ፤ የምታገኙት በሰዓት ማስወጣት ያለባችሁ ኪዩቢክ ሜትር አየር ነው። የእኔ 100 ዋት ሲሆን 5 ዲግሪ ልዩነት ፈቀድኩለት፤ 300 ለ5 ሲካፈል 60 ኪዩቢክ ሜትር በሰዓት ይመጣል። አሜሪካ የሚሸጡ ማራገቢያዎች ግን ፍሰታቸውን በደቂቃ ኪዩቢክ ጫማ ነው የሚጽፉት፤ ያንን በ1.7 ስታባዙት በሰዓት ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ 60 ማለት በእነሱ ቋንቋ 35 ገደማ ነው። የእንጨቱ ግድግዳ ራሱ ጥቂት ሙቀት ስለሚያሳልፍ ሒሳቡ ትንሽ ወደ ጥንቃቄ ያደላል፤ ያ አይጎዳም።

አዲስ አበባ ላሉ አንባቢዎች ማባዣው 3 ሳይሆን 4 ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ያው አንድ ኪዩቢክ ሜትር ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 60 የሚበቃው ሳጥን አዲስ አበባ ላይ 80 ይፈልጋል። ደግነቱ የአዲስ አበባ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ቀዝቀዝ ያለ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ ግፊት ነው። ማራገቢያ ሁሉ ሜዳ ላይ ጎበዝ ነው፤ ወንፊት፣ ቱቦና ቅልምም (መታጠፊያ) ሲመጣ ግን ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍሰት ፊቱ ምንም ሳይጋረድ የተለካ ነው።

ሦስተኛው ድምፅ ነው፤ ሳጥኑ መኝታ ቤት የሚቀመጥ ከሆነ ከመጀመሪያው የሚቀድም መለኪያ ነው። የማራገቢያ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ያድጋል። ስለዚህ ትልቅ ማራገቢያ ቀስ ብሎ ሲዞር ያንኑ አየር በፍጥነት ከሚገፋ ትንሽ ማራገቢያ በጣም ያነሰ ይሰማል።

ከዚያ እርጥበት አለ። ለችግኝ የምታጠጡት ውሃ አብዛኛው በቅጠሉ በኩል ወጥቶ እንፋሎት ይሆናል። ቀን ቀን ሙቀቱ ይሸፍነዋል፤ መብራቱ ሲጠፋ ግን አየሩ ይቀዘቅዝና እርጥበቱ በአንዴ ያሻቅባል። የእኔ ሳጥን ማራገቢያው በሙቀት ብቻ እንዲበራና እንዲጠፋ ባደረግሁ ጊዜ ሌሊት 90 በመቶ ደርሶ፣ ጠዋት በሩ ላይ ውሃ አዝሎ አገኘሁት። ከሳምንት በኋላ በበሶብላው ሥር ያለው አፈር ነጭ ሻጋታ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሌሊትም ቢሆን ማራገቢያውን በዝግታ አዞረዋለሁ እንጂ ፈጽሞ አላጠፋውም። ከ50 እስከ 70 በመቶ ባለው መሐል ብትቆዩ መልካም ነው።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*ቀዳዳ ብቻ።* ከታችና ከላይ ቀዳዳ አውጥቶ ሙቅ አየር ራሱ እንዲወጣ መተው ነው። ነፃ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ አይበላሽም። ጉልበቱ ግን ኢምንት ነው፦ 120 ሳንቲ ሜትር ቁመት ባለው ሳጥን ውስጥ የ10 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር እንኳ አየሩን የሚገፋው ግፊት ግማሽ ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) አይሞላም። አንድ ተራ ወንፊት ይበቃዋል ለማቆም። እስከ 30 ወይም 40 ዋት መብራት ላለው፣ ቀዳዳውንም ሰፋ አድርጎ ለቆረጠ ሰው ይሠራል። ከዚያ በላይ አልመክርም።

*የኮምፒውተር ማራገቢያ።* 120 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ በ12 ቮልት የሚሠራ፣ ከ2 እስከ 3 ዋት የሚበላ። ካርቶኑ በሰዓት 100 ኪዩቢክ ሜትር ቢልም ወንፊትና መታጠፊያ ሲገባበት ግማሹን ብትቆጥሩለት ነው የሚሻለው። የእኔን ሳጥን አንዱ ብቻውን ከክፍሉ 6 ዲግሪ ገደማ በላይ አቆመው፤ ሁለት ጎን ለጎን ሳደርግ ልዩነቱ ወደ 3 ዲግሪ ወረደ። ሁለቱን ጎን ለጎን እንጂ አንዱን በሌላው ላይ አትደርቡ፤ መደረብ ግፊት ይጨምራል እንጂ ፍሰቱን አያበዛውም።

ጥቅሙ ድምፁ ዝቅ ማለቱና መርከሱ ነው። ጉዳቱ ቱቦ አለመውደዱ ነው፤ የአንድ ሜትር ቱቦ ብትቀጥሉለት ይዞራል እንጂ አይገፋም። ሽቦ መቀጠል የሚከብዳችሁ ለቴሌቪዥን መደርደሪያ ማቀዝቀዣ ተብለው የሚሸጡትን፣ በዩኤስቢ የሚሠሩና ፍጥነት መቀየሪያ ያላቸውን ፈልጉ። ያው ማራገቢያ ነው፤ ሽቦውን ሌላ ሰው ቀጥሎላችኋል ማለት ነው።

*የመታጠቢያ ቤት አየር ማስወጫ።* አዲስ አበባ ላይ በየግንባታ ዕቃ መደብሩ የሚገኝ፣ በ220 ቮልት በቀጥታ የሚሠራ፣ 100 ሚሊ ሜትር አፍ ያለው ነው። ከ15 እስከ 20 ዋት ይበላል፤ ከኮምፒውተር ማራገቢያ የተሻለ ይገፋል፣ አጭር ቱቦም ይችላል። ችግሩ አንድ ፍጥነት ብቻ መሆኑና መንጫጫቱ ነው። ርካሾቹ ደግሞ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ገላ መታጠቢያ እንጂ ቀንና ሌሊት ለመዞር አልተሠሩም። ሌላ ካልተገኘ ክፉ አይደለም።

*የቱቦ ማራገቢያ።* ሰው ሁሉ «ፕሮፌሽናል» የሚለው ይህ ነው። 100 ሚሊ ሜትር ወይም 4 ኢንች አፍ ያለው፣ በሙሉ ፍጥነት በሰዓት 300 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ የሚገፋ፣ እስከ 30 ዋት የሚበላ። ግፊቱ ከመቶ ፓስካል ስለሚያልፍ ረዘም ያለ ቱቦም አያስቸግረውም። ለእኔ ሳጥን ከሚያስፈልገው አምስት እጥፍ ነው፤ ደስ የሚለውም ይኸው መትረፉ ነው። በ30 በመቶ ፍጥነት ሲዞር ጆሮዬን ካላስጠጋሁ አልሰማውም፤ የሚበላው ኤሌክትሪክም ፍጥነቱ ከቀነሰው እጅግ በበለጠ ይወርዳል። በሙሉ ፍጥነት ግን ፎቅ ድረስ ይሰማል።

ስትገዙ ፍጥነት መቆጣጠሪያው አብሮ የመጣ፣ ከተቻለም ሙቀትና እርጥበት የሚያነብ ይሁን። ለየብቻ ገዝታችሁ የአምፖል ማደብዘዣ ብትገጥሙበት ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይሞቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ቱቦውን ደግሞ ወጥራችሁ ዘርጉት፤ እንደ አኮርዲዮን የተጨማደደ ቱቦና የማያስፈልግ ቅልምም ከከፈላችሁበት ጉልበት ላይ ነው የሚበሉት።

ሻጩ የከሰል ማጣሪያውንም አብሮ ሊሸጥላችሁ ይሞክራል። ማጣሪያው ሽታ ለመደበቅ ነው፤ ማን ምን ሊደብቅበት እንደሚገዛው መገመት አያቅትም። የበሶብላ ሽታ የሚደበቅ ነገር አይደለም፤ ማጣሪያው ፍሰቱን ስለሚቀንስ ባይኖር ይሻላል።

*ማቀዝቀዣ።* ትንንሾቹ በሶኬት ወይም በዩኤስቢ የሚሠሩት የኤሌክትሮኒክስ ማቀዝቀዣዎች ከሚያመጡት ቅዝቃዜ የበለጠ ሙቀት በጀርባቸው ይጥላሉ። ውሃ እያተነነ የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ሳጥኑን እንፋሎት ይሞላዋል። ሁለቱንም እርሱት። እውነተኛው መፍትሔ ክፍሉን በኤሲ ማቀዝቀዝና ሳጥኑን በማራገቢያ ከክፍሉ ጋር ማገናኘት ነው። አንድ ቱቦ ብቻ ያለው ተንቀሳቃሽ ኤሲ የክፍሉን አየር ወደ ውጭ ስለሚጥል፣ በምትኩ በየስንጥቁ ሙቅ አየር ይስባል፤ ባለ ሁለት ቱቦው ወይም የመስኮቱ ይሻላል። ለአራት ማሰሮ በሶብላ ብቻ ኤሲ መግዛት ግን ከወጪ ውጪ ሌላ ስም የለውም።

*ከምንጩ መቀነስ።* ይህኛው አይሸጥም፣ ለዚህም ነው ማንም የማያስተዋውቀው። የመብራቱን ትራንስፎርመር የመሰለ ሣጥን ነቅላችሁ ከቁም ሳጥኑ ውጭ ብታስቀምጡት ከ100 ዋቱ ወደ 10 የሚጠጋው ሙቀት ውጭ ቀረ ማለት ነው። መብራቱን ማታ 1 ሰዓት አብርታችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ብታጠፉት ተክሉ 14 ሰዓቱን ያገኛል፣ ሙቀቱም ቤቱ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ይውላል። ማደብዘዣ ያለው መብራት ከሆነ ችግኙ ትንሽ ሳለ በግማሽ ብርሃን ይበቃዋል።

ሳጥን ውስጥ የምትቆነጠጠዋ ትንሽ ማራገቢያ ከእነዚህ ተርታ አትገባም። አየሩን ታማስለዋለች እንጂ አታስወጣውም፤ የራሷንም ዋት ትጨምራለች። ሆኖም ግንዱን ታጠነክራለች፣ ቅጠሉ ላይ የሚቆም እርጥብ አየርንም ትበትናለች። ቅጠሉ ይንቀጥቀጥ እንጂ አይጎንበስ።

በሠንጠረዥ

| አማራጭ | ሊታመን የሚችል ፍሰት (በሰዓት) | ኤሌክትሪክ በወር፣ ቀንና ሌሊት | ድምፅ | ግምታዊ ዋጋ በአሜሪካ | እስከ ስንት ዋት መብራት |
|---|---|---|---|---|---|
| ቀዳዳ ብቻ | በጣም ትንሽ | የለም | የለም | 0 | 40 |
| አንድ የኮምፒውተር ማራገቢያ | 50 ሜ³ | 2 ኪሎዋት ሰዓት | ዝቅተኛ | ከ15 እስከ 30 ዶላር | 80 |
| ሁለት የኮምፒውተር ማራገቢያ | 100 ሜ³ | 4 ኪሎዋት ሰዓት | ዝቅተኛ | ከ25 እስከ 50 ዶላር | 150 |
| የመታጠቢያ ቤት ማስወጫ | 80 ሜ³ | ከ11 እስከ 14 ኪሎዋት ሰዓት | ከፍተኛ | ከ20 እስከ 50 ዶላር | 120 |
| 4 ኢንች የቱቦ ማራገቢያ | እስከ 300 ሜ³ | በዝግታ 5፣ በሙሉ እስከ 22 ኪሎዋት ሰዓት | እንደ ፍጥነቱ | ከ40 እስከ 120 ዶላር | 300 |
| ክፍሉን በኤሲ | ከማራገቢያ ጋር ብቻ | ብዙ | ከፍተኛ | ከ250 ዶላር በላይ | ክፍሉ ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ |

የምትገዙት ምንም ይሁን፣ መግቢያውን አትርሱ

የወጣ አየር በሌላ ካልተተካ ማራገቢያው ታፍኖ ይዞራል። መግቢያውን ከታች፣ መውጫውን ከላይ በተቃራኒው ጥግ አድርጉ፤ የመግቢያው ስፋት የመውጫውን እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ለ100 ሚሊ ሜትር መውጫ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ይበቃል። እኔ አቧራና ትንንሽ ዝንብ እንዳይገባ አሮጌ ስቶኪንግ ወጥሬበታለሁ፤ በወር አንዴ አጥበዋለሁ።

አየሩ በትክክል መዞሩን ለማየት ዕጣን የመሰለ መሣሪያ የለም። ቡና ተፈልቶ ሲያበቃ ማጨሻውን ይዤ ወርጄ ቀዳዳው ፊት አስቀመጥኩት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ቆየና ቀዳዳው ጋ ሲደርስ አንገቱን ጠምዝዞ ተሳበ፤ በበሩ ማጠፊያ በኩልም አንድ ቀጭን መስመር ሲገባ አየሁ። ያችን ስንጥቅ ባላይ ኖሮ አየሩ ችግኙን ሳይነካ በአቋራጭ ይወጣ ነበር። የጭስ ማንቂያው ቢጮህ ግን እኔን እንዳትወቅሱ።

እንግዲህ የቱን?

መብራታችሁ ከ40 ዋት በታች ከሆነና ጥቂት የበሶብላ ማሰሮ ብቻ ካላችሁ፣ በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጋችሁ ገንዘባችሁን አስቀምጡ። ሳጥኑ መኝታ ቤት ከሆነ ሁለት የኮምፒውተር ማራገቢያ በዝቅተኛ ፍጥነት ይሻላል። ምድር ቤት ከሆነና አየሩን በቱቦ በመስኮት ለማውጣት ካሰባችሁ ከቱቦ ማራገቢያው ውጭ ሌላውን አትሞክሩ። በክረምት ግን ወደ ውጭ አታውጡት፤ ያ 100 ዋት ቤታችሁን በነፃ ያሞቅላችኋል። እንደ ሚኒሶታ ባለ ቀዝቃዛ አገር ማሞቂያ የቤቱን አየር ስለሚያደርቀው ብዙ ማራገብ ችግኙን ያጠወልጋል፤ ማራገቢያውን አዝግሙት፣ ከማሰሮው ሥርም ውሃ ያለበት ትሪ አድርጉ።

ዱባይና ሪያድ ያላችሁ፣ ክፍላችሁ በኤሲ 24 ዲግሪ ከሆነ አንድ የኮምፒውተር ማራገቢያ ሊበቃችሁ ይችላል፤ ከሥራ ስትወጡ ኤሲውን የምታጠፉ ከሆነ ግን መብራቱም አብሮ እንዲጠፋ ሰዓት ሙሉበት።

አዲስ አበባ ላሉት የእኔ ምርጫ 12 ቮልቱ የኮምፒውተር ማራገቢያ ነው። መብራት ሲሄድ ማራገቢያውም መብራቱም አብረው ስለሚጠፉ ችግኙ አይቃጠልም። ከአሜሪካ ዕቃ የምትልኩላቸውም ይህን አስተውሉ፦ የአሜሪካው የቱቦ ማራገቢያ ለ120 ቮልት የተሠራ ከሆነ 220 ላይ በተሰካበት ቅጽበት ይቃጠላል። የኮምፒውተር ማራገቢያ ግን አዳፕተሩ ላይ «100–240» የሚል ካለ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው የሚፈልገው።

እኔ አሁን ያለኝ የቱቦ ማራገቢያው ነው፣ ቀን በ35 በመቶ፣ ሌሊት በ20። ክረምቱን ሙሉ ሳጥኑ 24 ወይም 25 ላይ ይቆያል። በሐምሌ ምድር ቤቱ 27 ሲደርስ ሳጥኑ 30 ይገባል፤ ቃሪያውና በሶብላው ይችሉታል። ድንብላሉን ግን ነቅዬ ወጥ ውስጥ ጨምሬዋለሁ፤ እስከ መስከረምም መልሼ አልዘራውም።